ስትራይፐር በቴክሶማ ሐይቅ፦ በየወቅቱ ከጋይድ ጋር ለሚያጠምድ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ዳላስ አካባቢ ለምትኖሩ ቴክሶማ ሐይቅ ጎረቤት ነው። በሀይዌይ 75 ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብትነዱ ዴኒሰን ትደርሳላችሁ። ሐይቁ እዚያ ቴክሳስንና ኦክላሆማን ያዋስናል። ቅዳሜ ማለዳ የማሪናዎቹ (የጀልባ ማቆሚያዎቹ) ፓርኪንግ ጢም ይላል። ከመጣው ሰው ብዙው የሚፈልገው አንድ ዓሣ ነው፤ ስትራይፐር።

ሰው ስለዚህ ሐይቅ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የሚያነሳው "የትኛው ጋይድ (በጀልባው ወስዶ የሚያሳጠምድ ካፒቴን) ይሻላል?" የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ "መቼ ልትሄድ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሐይቁ ያው፣ ካፒቴኑ ያው ሆኖ የጃንዋሪና የጁን ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ አይገናኙም። ዘንጉ ይለያል፣ ጥልቀቱ ይለያል፣ የዓሣው መጠንም ይለያል። ወቅቱን በትክክል ከመረጣችሁ መካከለኛ ጋይድም ያስደስታችኋል።

ዓሣው ለምን እዚህ በዛ?

ስትራይፐር፣ በሙሉ ስሙ ስትራይፕድ ባስ፣ በተፈጥሮው የአትላንቲክ ዳርቻ ዓሣ ነው። ባሕር ውስጥ ይኖራል፤ እንቁላል ለመጣል ግን ወደ ወንዝ ይወጣል። ቴክሶማ ደግሞ ሰው ሠራሽ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የዴኒሰን ግድብ ሬድ ወንዝን ሲዘጋው፣ ሬድና ዋሺታ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ተኝተው 36,000 ሄክታር የሚጠጋ ውሃ ሆኑ። የሐዋሳ ሐይቅን አራት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ኦክላሆማ ከ1965 ጀምሮ ስትራይፐር አምጥታ ለቀቀችበት።

በብዙ ሐይቆች ይህ ዓሣ ራሱን አይተካም። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ ሁለት ቀን ገደማ በሚፈስ ውሃ ላይ መንሳፈፍ አለበት። ወርዶ ጭቃ ላይ ካረፈ ይሞታል። ስለዚህ መንግሥት ጫጩቶቹን በየጊዜው እያራባ ይጨምራል። ቴክሶማ ግን ረጃጅም ወንዞች አሉት። ሬድ ወንዝ በላይኛው ተፋሰስ ከጨው ክምችት ላይ ስለሚያልፍ ውሃው ጨዋማ ቢጤ ነው፤ ይህም እንቁላሉ እንዲንሳፈፍ ይረዳል። ዓሣው ራሱን ይተካል፣ ቁጥሩም ብዙ ነው። ለእናንተ ትርጉሙ ይህ ነው፦ በጥሩ ቀን ባዶ እጅ መመለስ ከባድ ነው። አብዛኛው የሚያዘው ከ2 እስከ 6 ፓውንድ የሚመዝን ነው። ከ15 ፓውንድ በላይ ሲገኝ ጀልባው ሁሉ ይጮኻል።

አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ስትራይፐር ሻድ የምትባለውን ትንሽ ብርማ ዓሣ ይከተላል። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ቀዝቀዝ ያለና ኦክስጅን ያለው ውሃ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ የየወቅቱ ነገር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመጣ ነው።

ክረምት፦ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ

ብርድ የማትፈሩ ከሆነና ትልቅ ዓሣ ከፈለጋችሁ ጊዜያችሁ ይህ ነው። ውሃው ከ45 ዲግሪ ፋራናይት (7 ሴልሺየስ) በታች ሲወርድ ትንሿ የሻድ ዝርያ ትደነዝዛለች፣ ብዙዋም ትሞታለች። ስትራይፐሩ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ አይከብደውም። ሳይሮጥ ይበላል።

ካፒቴኑ የሚያየው ወደ ሰማይ ነው። ነጫጭ የባሕር ወፎች ተሰብስበው ወደ ውሃው የሚወረወሩ ከሆነ፣ ከታች ስትራይፐር ሻዱን ወደ ላይ እየገፋው ነው። ወፎቹ ውሃው ላይ ዝም ብለው ከተቀመጡም ቦታው ዋጋ አለው፤ የቅድሙ ግብዣ እዚያ ነበርና። ጀልባው በሩቁ ሞተሩን ቀንሶ ይጠጋል። በመሀል እየበረረ የሚገባ ጀልባ ካያችሁ ካፒቴናችሁ ሲራገም ትሰማላችሁ።

ማጥመጃው ጂግ ነው። አንድ አውንስ ያህል የሚመዝን የእርሳስ ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ላይ የዓሣ ቅርጽ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ይገባል። ወርውሩት፣ ካፒቴኑ እስከነገራችሁ ቁጥር ድረስ እየቆጠራችሁ አስምጡት፣ ከዚያ በጣም ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። ቀስ ያላችሁ ሲመስላችሁ እንደገና ቀንሱት። አንዳንዴ ደግሞ ጂጉን ከጀልባው ሥር አውርዳችሁ ዘንጉን ሳታንቀሳቅሱ መያዝ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ጀማሪ ይህን ማመን ያቅተዋል፤ እጁ አርፎ አይቀመጥም።

በክረምት ጎህ ሳይቀድ መነሳት ያን ያህል አያስፈልግም። ብዙ ጋይዶች ዘግየት ብለው ይወጣሉ። ልብስ ላይ ግን ቀልድ የለም። ውጭው 40 ዲግሪ ፋራናይት (4 ሴልሺየስ) ቢሆንም ጀልባው ሲሮጥ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ውሃ የማያስገባ ጓንት ያዙ። ጋቢ እወዳለሁ፣ ግን ለጀልባ አይሆንም። ዘርፉ ሪሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት) ውስጥ ይገባል።

ፀደይ፦ ከማርች እስከ ሜይ

ይህ ወቅት የሚያጓጓም የሚያናድድም ነው። ውሃው ወደ 60 ዲግሪ ፋራናይት (15 ሴልሺየስ) ሲጠጋ ትልልቆቹ ዓሦች ወደ ወንዞቹ አፍ መጠጋት ይጀምራሉ። ኤፕሪል ላይ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ሬድንና ዋሺታን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ዋናው ሐይቅ ላይ የቀረው ዓሣ ተበታትኖ ይውላል። በዚያ ላይ የኤፕሪል ነፋስ አለ፤ ዝናቡ ወንዙን ያደፈርሰዋል፤ ነጎድጓድም አለ። ኤፕሪል ላይ ቀን ስትይዙ አንድ ተለዋጭ ቀን አብራችሁ ያዙ።

ሜይ ግን ሌላ ነው። እንቁላሉን የጣለው ዓሣ ተርቦ ይመለሳል። ሻዱም በተራው እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር ይጠጋል። ጠዋት ላይ በድንጋያማው ዳርና በደሴቶቹ ዙሪያ ስትራይፐር ውሃው ላይ ሲፈነዳ ታያላችሁ። ያን ጊዜ የሚወረወረው ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ማጥመጃ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ጋይዱ በሕይወት ወዳለ ሻድ ይዞራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ፣ በተለይ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ፣ የእኔ ምርጫ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ያለው ነው። አየሩ ገና አልነደደም፣ ዓሣው ብዙ ነው፣ በሕይወት ባለ ሻድ ማጥመድ ደግሞ ችሎታ አይጠይቅም። የሰባት ዓመት ልጅ ከአባቱ በላይ ይዞ ይመለሳል። ችግሩ አገር ሁሉ ይህንኑ ማወቁ ነው። የሜይና የጁን ቅዳሜዎች ከወራት በፊት ያልቃሉ፤ ረቡዕና ሐሙስን ጠይቁ።

በጋ፦ ጁላይና ኦገስት

የላዩ ውሃ ከ85 ዲግሪ ፋራናይት (29 ሴልሺየስ) ሲያልፍ ሐይቁ በሁለት ይከፈላል። ከላይ ሙቁ፣ ከታች ቀዝቃዛው። ታችኛው ቀዝቃዛ ቢሆንም ኦክስጅኑ እያለቀ ይሄዳል። ስትራይፐሩ ከላይ ሙቀት፣ ከታች መታፈን ሲገጥመው መሀል ባለች ስስ ንጣፍ ውስጥ ይታጨቃል። ሶናሩ (ውሃ ውስጥ ያለውን በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ) ላይ እንደ ወፍራም ደመና ሆኖ ይታያል።

ለማጥመድ ይህ ምቹ ነው፤ የት እንዳለ ይታወቃል። የሚሠራው ስላብ የሚሉት የዓሣ ቅርጽ ያለው ከባድ እርሳስ ነው። ካፒቴኑ "ጣሉ!" ሲል ሁላችሁም እኩል እስከ ታች ትለቃላችሁ። መሬት ሲነካ ክሩ ይላላል። ያኔ ሪሉን በፍጥነት ታጠነጥናላችሁ። ዓሣው ሲያባርረው ክንዳችሁ ድንገት ይጎተታል። ይህ ሥራ ያደክማል። ትከሻው የሚያመው ሰው ጁንን ይምረጥ።

አንድ ነገር በደንብ ልበል። "ይዤ እየለቀቅኩ ልዝናና" የሚባለው በበጋ ለዚህ ዓሣ አይሠራም። ከጥልቅ ተጎትቶ በሙቅ ውሃ ውስጥ የታገለ ስትራይፐር ሲለቀቅ የሚዋኝ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ትንሽ ቆይቶ ይሞታል። ስለዚህ በበጋ የምትበሉትን ያዙ፣ ኮታችሁ ሲሞላ ዘንጉን አስቀምጡ። ይህን ሳትጠይቁት የሚነግራችሁ ካፒቴን ጥሩ ካፒቴን ነው።

ጀልባው ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ተመልሶ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አያስቆምም። በነገራችሁ ላይ ካፒቴኑ "ስድስት ሰዓት ላይ ማሪና እንገናኝ" ሲላችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ማለቱ ነው። ከአገር ቤት እንግዳ የምትወስዱ አደራ፤ ጀልባው አይጠብቅም።

መኸር፦ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር

ሴፕቴምበር የሽግግር ወር ነው። አንድ ቀን ይሞላል፣ በማግስቱ ይጠፋል። ኦክቶበር ላይ ግን ውሃው ቀዝቅዞ ከላይ እስከ ታች ይቀላቀላል፣ ኦክስጅን በየቦታው ይደርሳል፣ ዓሣውም ከእስሩ ይፈታል። ሻዱን እያሳደደ ላይ ይወጣል። ውሃው ላይ በሚንሳፈፍ ማጥመጃ ማጥመድ ለሚወድ ሰው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር ያለው ጊዜ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጣል። የባሕር ወፎቹም ወደ ኖቬምበር መጨረሻ ይመጣሉ፤ ከዚያ እንደገና ክረምት ነው።

ጋይዱን መምረጥ

ቀኑን ካወቃችሁ በኋላ ስልክ አንሱ። የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፤ ግን በግልጽ ጠይቁ።

መጀመሪያ፣ የጋይድ ፈቃድ፣ የኮስት ጋርድ የካፒቴንነት ፈቃድና ኢንሹራንስ እንዳለው። ትክክለኛ ሰው በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

ቀጥሎ፣ ጀልባው ለእናንተ ብቻ ነው ወይስ ከማታውቁት ሰው ጋር ትሳፈራላችሁ? ዋጋው በሰው ነው? ትንሹ የሰው ቁጥር ስንት ነው? ለሦስት ሰው የተነገረ ዋጋ ለአራት ሰው የተሰላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዘንግ፣ ማጥመጃና ዓሣውን መገንጠል (ሥጋውን ከአጥንቱ መለየት) እዚህ ሐይቅ ላይ ብዙ ጊዜ በዋጋው ውስጥ ናቸው፤ ያም ሆኖ አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ነፋስ ቢነሳ ቀብዱ ምን ይሆናል? ቴክሶማ ላይ የደቡብ ነፋስ ሲበረታ ማዕበሉ ቀላል አይደለም። ካፒቴኑ "አንወጣም" ካለ አትከራከሩት።

እናት አባታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ መጸዳጃ ያለው ሰፊ ጀልባ ፈልጉ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ክፍቱ ጀልባ ለወጣት ይሆናል፤ ለእማማ አራት ሰዓት ያለ መጸዳጃ ቅጣት ነው።

በመጨረሻም "በዚህ ወር በምን ታጠምዳለህ?" በሉት። "በጂግ፣ ከ40 እስከ 50 ጫማ ጥልቀት፣ ወፍ እየተከተልን" ዓይነት መልስ ከሰጣችሁ ሥራውን ያውቃል። "አይዞህ፣ እናገኛለን" ብቻ ካለ ሌላ ስልክ ደውሉ።

ጉርሻው እንደ ምግብ ቤት ነው፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው። ዓሣውን የሚገነጥለው ረዳት ሌላ ሰው ከሆነ እሱንም አትርሱት።

ፈቃድና ኮታ

ሐይቁ ሁለት ስቴት ስለሚነካ ጀልባችሁ ጠዋት ቴክሳስ፣ ረፋድ ላይ ኦክላሆማ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የቴክሳስ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው ኦክላሆማ በኩል ማጥመድ አይችልም። ለዚህ ተብሎ የቴክሶማ ሐይቅ ፈቃድ የሚባል አለ። ሁለቱንም ወገን ይሸፍናል፣ ዋጋው ለረጅም ጊዜ 12 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፣ የሚያገለግለውም እስከ ዲሴምበር 31 ነው። ስለዚህ ዲሴምበር ላይ የምትገዙት ወዲያው ያበቃል። በኢንተርኔት ቀድማችሁ ግዙት፤ ማለዳ ላይ የማጥመጃ ሱቅ በር ላይ መሰለፍ አያስደስትም። ትንንሽ ልጆች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

የስትራይፐር ኮታው ለብዙ ዓመታት የቆየው በሰው በቀን 10 ነው፤ ከእነሱ ውስጥ 20 ኢንችና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ከ2 መብለጥ የለባቸውም። ደንብ ይለወጣልና ከመሄዳችሁ በፊት ካፒቴኑን ጠይቁ። አንዴ ማስቀመጫ ውስጥ የገባን ዓሣ በተሻለ መተካትም አይፈቀድም።

ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በሚሄድ ጀልባ ላይ የሕይወት ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። ለልጃችሁ ልክ የሆነ ጃኬት መኖሩን በስልክ ጠይቁ፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ አንገት ላይ አይቆምም።

ጀልባው ላይ

ምግብና ውሃ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ኮፍያ፣ ለዓሣው ትልቅ የበረዶ ሳጥን ያዙ። ሳጥኑ መኪና ውስጥ ይቆይ። ማዕበል የሚያስመልሰው ሰው መድኃኒቱን ከመሳፈሩ በፊት ይዋጥ፤ ካቅለሸለሸው በኋላ ዋጋ የለውም። ሙዝ አትያዙ። ሙዝ ጀልባ ላይ ገድ ያሳጣል ብለው የሚያምኑ ካፒቴኖች አሁንም አሉ፤ በሙዝ ምክንያት ቀናችሁ በኩርፊያ እንዳይጀምር።

በሕይወት ባለ ሻድ ስታጠምዱ፣ ካፒቴኑ መንጠቆውን አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። ብዙ ጊዜ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ ክብ መንጠቆ ነው። ዓሣው ሲነካችሁ ይህ መንጠቆ በኃይል መንጠቅን አይወድም። ዘንጉ እስኪጎብጥ ጠብቁ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ሪሉን አጠንጥኑ። መንጠቆው ራሱ የከንፈሩን ጥግ ይይዛል። በቪዲዮ ያያችሁትን ወደ ኋላ መፈናጠር እርሱት።

ውሃው ላይ በሚንሳፈፍ ማጥመጃ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው። ዓሣው ሲመታው ውሃው ይፈነዳል፣ እናንተም ደንግጣችሁ ትነጥቃላችሁ፣ ማጥመጃውም ከአፉ ይወጣል። በዓይናችሁ ሳይሆን በእጃችሁ ጠብቁ። ክብደቱ ሲሰማችሁ ብቻ ሳቡ። ሳተኝ ብላችሁም አታቁሙ፤ ስትራይፐር ተመልሶ ይመታል።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ የሚሮጥ ከሆነ ይሩጥ። ክሩ በምን ያህል ኃይል እንደሚለቀቅ የሚወስነውን ድራግ ካፒቴኑ አስተካክሎታል፤ አትንኩት። ክሩ እየወጣ ሳለ ማጠንጠን ክሩን ከማጠላለፍ በቀር ጥቅም የለውም። ቆም ሲል ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ስታወርዱ አጠንጥኑ። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ሰማይ አታቁሙት፤ ይሰበራል። ዓሣው ወደ ሌላ ሰው ክር ከዞረ እናንተም ተከትላችሁት ዙሩ።

በእጅ ስትይዙት የታችኛውን ከንፈር ያዙ። ጥርሱ ሻካራ እንጂ አይቆርጥም። የሚወጋው የጀርባው ክንፍ እሾህ ነው፤ የጉንጩ ሽፋንም እጅ ይሰነጥቃል። ልጆች ፎቶ ሲነሱ ይህን ተከታተሉ።

አንዳንዴ አነስ ያለና ጀርባው ጎበጥ ያለ ተመሳሳይ ዓሣ ይያዛል። ያ ዋይት ባስ ነው፤ ሳንድ ባስም ይሉታል። የስትራይፐር መስመሮች ብዙዎቹ ሳይቆራረጡ እስከ ጅራቱ ይደርሳሉ፤ የዋይት ባስ ግን ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ኮታው የተለያየ ነውና ካፒቴኑ ይለይላችሁ።

ወደ ቤት

ማሪናው ላይ ዓሣው ይገነጠላል። ለገንጣዩ አንድ ነገር ንገሩት፦ ከጎኑ የሚሄደውን ቀይ ሥጋ ቆርጦ እንዲያወጣው። "ዓሣ ይሸተኛል" የሚሉ ሰዎች ያንን ሳያስወጡ የበሉ ናቸው። ከወጣ በኋላ ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው፤ ጣዕሙም ለስለስ ያለ።

ሥጋውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ በረዶ ላይ አድርጉት። በቀጥታ በቀለጠ በረዶ ውሃ ውስጥ ከተኛ ይልፈሰፈሳል። የራሳችሁን ጀልባ ይዛችሁ ከሆነ ከማሪናው ሳትወጡ ውሃውን በሙሉ አፍስሱ። ዜብራ መስል (zebra mussel) የሚባለው ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ ፍጥረት ከ2009 ጀምሮ ቴክሶማ ውስጥ አለ፤ በጀልባ ውሃ ወደ ሌላ ሐይቅ ይተላለፋል፣ ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ያስቀጣል።

ለምግብ፣ የአምስት ፓውንዱ ሥጋ ለኮተሌት ይሆናል። በሎሚ፣ በጨውና በነጭ ሽንኩርት አሽታችሁ ለግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ዱቄት አስነክታችሁ በጋለ ዘይት ጥበሱት፣ ከዳጣ ጋር አቅርቡት። ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ለጉላሽም ቶሎ አይፈርስም፤ ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ጨምሩት እንጂ ከሽንኩርቱ ጋር አታንተክትኩት። ዱለት የሚሠሩለትም አሉ፤ ለእሱ ትንንሾቹ ይሻላሉ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።